ሁለት ብልጭታ፣ ስምንት ጨለማ

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
አባቴን ይዤ ወረድኩ የአቃቂን ቁልቁለት።
አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር አንዲት ጀልባ አለች፤
ቀለሟ ተልጦ፣ ዘይት ጠጥታ፣ በግማሽ ጎኗ የተኛች።
ባለቤቷ ዱፌራ ሁለት መቶ ጠራ፤
"መቶ ሃምሳ" ስንለው ሰማዩን አየ፣ እኛን አየ፣
"ግቡ" ብሎ ሞተሩን አጓራ።

አባቴ ከመሳፈሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ውኃውን አሸተተ።
"ጨው የለበትም" አለና ገባ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እናቴን ከማግባቱ በፊት፣
የመብራት ማማ ጠባቂ ነበር፣ ቀይ ባሕር ላይ፣ በአንዲት ራቁት ደሴት።
ማማ ሲሉኝ እኔ የማውቀው ወፍ የሚጠበቅበትን ነው፣ የማሽላ፤
የእሱ ማማ የሚጠብቀው መርከብን ነበር፣ ቋጥኝ እንዳይበላ።
"እያንዳንዱ ማማ ስም አለው" ይላል፣ "ስሙም ቁጥር ነው፤
ሁለት ብልጭታ፣ ስምንት ጨለማ፤ ይሄ የእኔ ነው።
የወዲያኛው ደሴት አንድ ረጅም ነበር፣ እንደሚያዛጋ ሰው።"

ልጅ ሆኜ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ግንባሬን በጣቱ ሁለቴ መታ አድርጎ ስምንት ያስቆጥረኝ ነበር።
ሰባት ላይ እተኛለሁ።
ስምንትን ለብዙ ዘመን አላውቃትም ነበር።

ዛሬ ዓይኑ ሄዷል፤ ዓለምን የሚያየው በመርፌ ቀዳዳ፤
አንዲት ቀጭን የብርሃን ክር፣ የቀረው ጨለማ ጓዳ።
"ቅጠሉን ንገሪኝ" አለኝ። "በዚያ ሁሉ ዓመት ቅጠል ሲለወጥ አላየሁ፤
አንዲት ግራር ነበረች፤ እሷንም የአሣ አጥማጆች ፍየል ስትበላት ከላይ ሆኜ አየሁ።
ወር የሚገባው በነፋስ፣ የሚወጣው በደመወዝ ነበር።"

ነገርኩት።
"ባሕር ዛፉ ያው ነው አባዬ፣ ልብሱን እንጂ መልኩን አይለውጥም፤
ግራቪሊያው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ገና አልቆረጠም።
የደብሩ ኮሶ አሮጌ ቅጠሉን አቅልቷል።"
"እንደ ምን?"
"እንደ ሸክላ። ቆይ፣ አይደለም፤
እንደ ዛገ ቆርቆሮ፣ ክረምት እንደተጫወተበት ጣራ።
አደዩ ረግፏል። የእኛ አገር መጸው ዛፍ አይወጣም፣
መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤
ጤፉን እየው" አልኩና አፌ ላይ ቀረ "እየው"።
እሱ ግን ፊቱን አዞረ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት፤
"ቢጫ ሊሆን ነው፣ ድምፁ ደርቋል" አለ፣ ጆሮውን ሰጥቶት።

ከዚያ ሞተሩ እምቦጭ ጎረሰ፤ ሁለቴ አነቀውና ቆመ።
ዱፌራ እጅጌውን ሰብስቦ በኦሮምኛ ተራገመ፤
ሥር ሲመዝ፣ ሥር ሲመዝ፣ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ወረደች፤
ከፉሪ ራስ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በራች።
"ማማ አለ" አልኩት።
"ስንት ይላል?"
"ዝም ብሎ ይበራል።"
"እንግዲያው አትመኚው። የማይጨፍን መብራት
ኮከብም ሊሆን ይችላል፣ ሌባም።"

ወዲያው መብራት ጠፋ። ፉሪም፣ አቃቂም፣ የዳሩ መንደርም።
የውኃና የሰማይ ድንበር አልለይ አለ፤ ማንም ምንም
አልተናገረም ለጥቂት።

አባቴ ከኮቱ ኪስ የእጅ ባትሪውን አወጣ።
ለምን ይዞት እንደሚዞር ጠይቄው አላውቅም፤
ለሽንት መውጫ ይመስለኝ ነበር።
ሁለት ብልጭታ።
ከንፈሩ ሲቆጥር አላየሁትም፣ ሰማሁት።
ስምንት። ደግሞ ሁለት።
ዘንድሮ ሰባት ላይ አልተኛሁም።

ከዳሩ፣ ከደለሉ በላይ፣ አንድ ባጃጅ መለሰ፤
ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ጥሩንባውንም ነፋ፣ ውሻ ቀሰቀሰ።
"ስንት አለ?"
"ሦስት።"
አባቴ ብዙ አሰበ። ከአሰብ እስከ ዳህላክ
በቃሉ የያዛቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ሳያንኳኳ አልቀረም።
"ሦስት የሚል አላውቅም" አለ።
"አዲስ ነው። ጻፊው።"